በሰሐን ላይ ያደገ የደም ሥርና የቸኮልንበት መልስ

 

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ደርስ ላይ ስለሰጠነው አንድ የተሳሳተ መልስ ነው። ስህተቱ በሰው ፊት ስለነበር እርማቱም በሰው ፊት ይሁን ብለን ነው። ነገሩ ስለ አይጥ ሴል፣ ስለ ደም ሥርና ስለ አንድ አባታችን እግር ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱን።

በመስጂዳችን ከዐስር ሶላት በኋላ ለወጣቶች ደርስ አለ። ኢማማችን ሲያማቸው ወይም መንገድ ሲሄዱ እኛ እንተካለን። ከረመዷን በፊት በአንዱ ቀን፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮሎጂ የጨረሰ ነው፤ በልጅነቱ ቁርኣን የቀራው እኛው ዘንድ ነው። «ኡስታዝ» አለን፣ «በላቦራቶሪ ውስጥ ከአይጥ ስቴም ሴል የደም ሥር ሴል ያወጣሉ። አንድ ሙስሊም እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ቢሰማራ እንዴት ይታያል?»

እውነቱን እንናገርና፣ ስቴም ሴል ምን እንደሆነ አናውቅም ነበር። ቃሉን የሰማነው ቲክቶክ ላይ ነው። ግን ሠላሳ የሚሆን ወጣት ዓይኑን ተክሎብናል፤ «አላውቅም» የሚለው ቃል ከጉሮሯችን አልወጣ አለ። «መፍጠር የአላህ ብቻ ነው» አልን። «ከፈጣሪ ጋር መፎካከር የሚመስል ነገር ውስጥ አትግባ። የሚጠቅም ትምህርት ሞልቷል።» አንዳንዶቹ «አላሁ አክበር» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኛም በልባችን ጥሩ የመለስን መሰለን።

ኢማሙ ማሊክ (ረሒመሁላህ) ሩቅ አገር አቋርጠው ለመጡ ጠያቂዎች ሳይቀር ለብዙው ጥያቄ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸውን በዚያው ደርስ ላይ ስንት ጊዜ እንደተረክን አላህ ነው የሚያውቀው።

ልጁ ከዚያ በኋላ ለደርስ አልመጣም። ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት ሙአዚናችን ጠሩን፤ የልጁ ጎረቤት ናቸው። «ያ ልጅ ለማስተርስ ሊልክ ያዘጋጀውን ወረቀት ተወው፤ እናቱ ስታለቅስ ነበር። መስጂድ ሐራም ነው ተባልኩ ይላል። ማነው እንዲህ ያለው?» አሉን። እኛ መሆናችንን ስንነግራቸው ዝም ብለው አዩንና አዛናቸውን ሊያደርጉ ገቡ።

ለሸኻችን ነገርናቸው። ሸኻችን ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸው። «የሴልን ነገር የት ቀራኸው?» አሉን። አልቀራንም። «እንግዲያስ ሂድና ከልጁ ቅራ» አሉ። በቃ፣ ይኼው ነበር ትእዛዙ።

ሄድን። የልጁ እናት ቡና አፈሉ፤ እሱም መጀመሪያ አፈረ፣ በኋላ ላፕቶፑን ከፈተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሦስት ወር ያህል በሳምንት አንድ ቀን እየሄድን ተማርን። ተማሪያችን አስተማሪያችን ሆነ። ከዚህ በታች ያለው እሱ ያስረዳንና እየጠየቅን የገባን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የአይጥ ፅንስ ሦስት ቀን ተኩል ገደማ ሲሆነው በዓይን የማትታይ ውኃ የያዘች ኳስ ነው። በኳሷ ውስጥ በአንድ ጥግ የተከማቹ ጥቂት ሴሎች አሉ። እነዚህ ገና ልብ አልሆኑም፣ ቆዳ አልሆኑም፣ አጥንት አልሆኑም። ሁሉንም ሊሆኑ ግን ይችላሉ። በ1981 ማርቲን ኢቫንስና ማቲው ካውፍማን የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እነዚህን ሴሎች አውጥተው በሰሐን ላይ ማቆየት ቻሉ፤ በዚያው ዓመት ጌይል ማርቲን የምትባል ተመራማሪም ካሊፎርኒያ ላይ ይህንኑ አደረገች። ማቆየት ስንል ልክ እናቶቻችን እርሾ እንደሚያቆዩት ነው። ከቡኮው ላይ ትንሽ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ሌላ ቡኮ ያቦካል፣ ከእሱም ትንሽ ይቀራል። ሴሎቹ እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ ግን ምንም ሳይሆኑ እንደ ጥንታቸው ይቀመጣሉ። እንዲህ እንዲቀመጡ ሊፍ የሚባል ፕሮቲን ይጨመርላቸዋል። ሊፍ ከተነሳ ሴሎቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ እየሄደ የተለያየ ነገር መሆን ይጀምራል።

እዚህ ላይ እኛ «ታዲያ አንዱ የደም ሥር፣ አንዱ ነርቭ የሚሆነው የተለያየ ነገር በውስጡ ስላለ ነው?» ብለን ጠየቅን። አይደለም አለን። በአንድ አካል ውስጥ ያሉ ሴሎች ሁሉ ለማለት ይቻላል የያዙት ጽሑፍ አንድ ነው። የሚለያዩት ከጽሑፉ የትኛው እንደሚነበብ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ በአንዴ በራልን፤ ምክንያቱም ይህ የሶርፍ ትምህርት ነው! ካፍ፣ ታእ፣ ባእ የሚሉትን ሦስት ፊደሎች ያዙ። በአንዱ ወዝን ካስገባሃቸው ካቲብ፣ ጸሐፊ ይሆናሉ። በሌላው መክቱብ፣ የተጻፈ ነገር። በሌላው ኪታብ፣ በሌላው መክተብ። ፊደሎቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ወዝኑ ነው። ይህን ስንለው ልጁ ሳቀና «ኡስታዝ፣ ይህን እኔም አላሰብኩትም» አለ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በሶርፍ ቋንቋ ሄደ።

እንግዲህ የደም ሥሩ ወዝን ምንድነው? በ2000 በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ጁን ያማሺታ፣ ሺንኢቺ ኒሺካዋና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የልጁ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ጥናት ነበር። ሥራው እንዲህ ነው። የአይጥ ስቴም ሴሎችን ኮላጅን በተቀባ ሰሐን ላይ ያለ ሊፍ ዘሩ። ሰሐኑ እንደ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ በሆነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከአራት ቀን ገደማ በኋላ ከሴሎቹ ከፊሎቹ ፍልክ-1 የሚባል ነገር በላያቸው ላይ አወጡ። ፍልክ-1 ጆሮ ነው በሉት። ጆሮ ያወጡትን ብቻ ለይተው በሌላ ሰሐን ላይ አደረጓቸው። ከዚያ ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ጨመሩ። ያ ጆሮ የሚሰማው ጥሪ ይህ ነው። ጥሪውን የሰሙት ሴሎች የደም ሥርን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍኑ ሴሎች ሆኑ። ፒዲጂኤፍ የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ሲያገኙ ደግሞ ከውጭ ደግፈው የሚይዙት፣ የግድግዳው ሴሎች ሆኑ። ከአንድ ዓይነት ሴል ሁለቱም መጡ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ቀጣዩ ነው። እነዚያን ሴሎች ጥልቀት ባለው ለስላሳ ነገር ውስጥ ሲያሳድጓቸው ማንም ሳይመራቸው እርስ በርስ ተያይዘው ቱቦ መሰል ነገር ሠሩ፤ ውስጡ በውስጠኛዎቹ ተሸፍኖ፣ ውጩ በደጋፊዎቹ ተይዞ። ወደ ጫጩት ፅንስ ሲያስገቧቸውም የአይጥ ሴሎች ከጫጩቷ የደም ሥር ጋር ገጥመው አብረው አደጉ። ልጁ በላፕቶፑ የተመሳሳይ ሴሎችን ፊልም አሳየን። መጀመሪያ የተበተነ ጤፍ ይመስላሉ፤ ከዚያ እየተጠራሩ መረብ ይሠራሉ። ሱብሓነላህ። ተመራማሪዎቹ አንዱንም ሴል ከሌላው ጋር አላሰሩትም። ያደረጉት ነገር ቢኖር ሰሐኑን ማዘጋጀት፣ ጥሪውን ማሰማትና መጠበቅ ነው። ሴሉን ከምንም አላመጡትም፤ ከአይጥ ነው የወሰዱት። ጥሪውንም አልፈጠሩትም፤ በአይጧ አካል ውስጥ ያለ ነው። እኛ «መፎካከር» ያልነው ነገር ይህ ነበር። ገበሬ ዘር ዘርቶ ውኃ ሲያጠጣ ማንም «በቆሎ ፈጠረ» ብሎት አያውቅም።

ነገሩ ወደ ኋላም ይሄዳል። በ2006 እዚያው ኪዮቶ ሺንያ ያማናካና ካዙቶሺ ታካሃሺ የአይጥ ጅራት ጫፍ ላይ ያለን ሴል ወስደው አራት ጂኖች ጨመሩበትና ወደ ስቴም ሴልነት መለሱት። ከ24 ጂኖች ጀምረው እያጣሩ ነው አራቱ ላይ የደረሱት። ያማናካ በ2012 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው። በሶርፍ ቋንቋ መክቱብን ወስዶ ወደ ሥሩ፣ ወደ ሦስቱ ፊደላት መመለስ ነው። በ2008 የያማሺታ ቡድን እነዚህን የተመለሱ የአይጥ ሴሎች በዚያው መንገድ የደም ሥርና የልብ ሴል አደረጋቸው።

ይህ ለፊቅህ ትልቅ ነገር ነው። የሰውን ስቴም ሴል በተመለከተ ዋናው ጭንቀት ፅንስ ማጥፋት ነው። ሩሕ የሚነፋው በ40 ቀን ነው ወይስ በ120 የሚለውን የዑለሞች ልዩነት ታውቃላችሁ፤ እዚህ አንገባበትም። የራቢጣው የፊቅህ ጉባኤ በዲሴምበር 2003 መካ ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን አይቶታል። ምንጩ የተፈቀደ ከሆነ ስቴም ሴልን ለሕክምናና ለተፈቀደ ምርምር መጠቀም ይቻላል ብሏል። ከተፈቀዱት ምንጮች ውስጥ በፈቃዱ የሚሰጥና የማይጎዳ አዋቂ ሰው፣ የእንግዴ ልጅና እትብት፣ በራሱ የወረደ ፅንስም ይገኙበታል። ያለ ሕክምና ምክንያት ሆን ተብሎ ከተጨነገፈ ፅንስ መውሰድን ግን ከልክሏል። አስቡት፣ እኛ «አትግባበት» ብለን በአንድ ደቂቃ የዘጋነውን በር ዑለሞች ተቀምጠው፣ ሐኪም ጠይቀው፣ ከፋፍለው ነው ያዩት። ያውም የሰውን ነው። የልጁ ጥያቄ ገና የአይጥ ነበር።

ስለ አይጥ ደግሞ የልጁ እውነተኛ ጥያቄ ሌላ እንደነበር በኋላ ነው ያወቅነው። ሴሎቹን ከሰሐኑ ለማላቀቅ ትሪፕሲን የሚባል ነገር ይጠቀማሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአሳማ ቆሽት ነው። ሰሐኑን ለመቀባት የሚጠቀሙበት ጄላቲንም ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆዳ ነው። የሴሎቹ ምግብ ውስጥ ደግሞ በላም ማሕፀን ካለ ጥጃ ደም የሚወጣ ሴረም አለ። ልጁ የጨነቀው ይህ ነበር። «ቀኑን ሙሉ ይህን ነክቼ ዙህርን እንዴት እሰግዳለሁ?» እኛ ስለ ፍጥረት አዋቂ ሆነን ስንመልስ እሱ ስለ ጦሃራ ነበር የሚጨነቀው። ይህን ደግሞ እናውቅ ነበር! የቀራነው ነገር ነው። ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ልንረዳው እንችል ነበር።

ወደ ሸኻችን ይዘነው ሄድን። ሸኻችን በመጀመሪያ ከአሳማ ያልተገኘ ምትክ ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። አለ፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ፣ በረቂቅ ተሕዋስያን የሚመረት አለ፣ ዋጋው ግን ይወደዳል አላቸው። «የምትችልበት ቦታ ምትኩን ተጠቀም። የማትችልበት ቦታ ጓንት አድርግ፣ የሥራ ልብስህን ለይ፣ ለሶላት ስትወጣ አውልቀህ ታጠብ። ነጃሳን ለሐጃ መንካት ወንጀል አይደለም፤ በእሱ መስገድ ነው የማይቻለው» አሉት። በሻፊዒይ መዝሀብ የአሳማ ነጃሳ የነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር እንደሚታጠብ አስታወሱትና «ስለዚህ ጓንቱ ይሻልሃል» ብለው ሳቁ። ስለ አይጦቹም ተናገሩት፤ ያለ ፍላጎት እንዳይጎዱ፣ እንዳይራቡ፣ እንዳይሰቃዩ። በድመት ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የመጣውን ሐዲስ እናንተም ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የኛ ሰው ካላነሳን ያሳዝነናል። ኢብኑ ነፊስ ደማስቆ ውስጥ ሕክምና ተምሮ ካይሮ ላይ የኖረ፣ በ1288 የሞተ ሐኪም ነው። ከልብ ቀኝ ክፍል የሚወጣው ደም በሳንባ በኩል አልፎ ወደ ግራው እንደሚመጣ ጽፏል። ጋሌንና ኢብኑ ሲና በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ቀዳዳ አለ ሲሉ እሱ «የለም» አለ፤ በሳንባ ውስጥ ባሉ ሥሮች መካከል ግን ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉ አለ። እነዚያን ቀጫጭን ሥሮች ማልፒጊ የተባለው ጣሊያናዊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው። የኢብኑ ነፊስ ጽሑፍ ተረስቶ ኖሮ በ1924 ሙሕዪዲን አት-ታጣዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። የሚገርመው ኢብኑ ነፊስ የሻፊዒይ ፈቂህም ነበር፤ ካይሮ ውስጥ በመድረሳ ፊቅህ ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን ደማስቆ ላይ ኢማሙ ነወዊ ነበሩ። እኛ የነወዊን ሚንሃጅ ቆጥረን ስንወጣ፣ በአንድ መዝሀብ ሥር ደም ሥር የሚያጠና ፈቂህ እንደነበር የነገረን ሰው አልነበረም። ይህን የነገረን ያው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሙአዚናችን እንመለስ።

እሳቸው ስኳር በሽታ ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከተማችን ብርድ ነው፤ በተለይ ከሱብሒ በፊት። አንድ ሌሊት ውዱእ ሊያደርጉ በማንቆርቆሪያ ውኃ አሙቀው በእግራቸው ላይ አፈሰሱ። ውኃው ይፋጃል፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። አዛን አድርገው ሰግደው ቤት ገብተው ካልሲ ሲያወልቁ ነው ቆዳው አብሮ የመጣው። ስኳር የእግርን ነርቭ ስለሚገድል ሕመም አይሰማም። ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ስለሚጎዳና ትልልቆቹንም ስለሚያጠብ ደም አይደርስም። ደም ካልደረሰ ቁስል አይድንም። አንድ ሴል በሕይወት ለመቆየት ከደም ሥር ያለው ርቀት በጣም አጭር መሆን አለበት፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ወረቀት ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ቁስሉ ሁለት ወር ቆይቶ ሁለት ጣቶቻቸው ጠቆሩ።

ጂዳ የሚሠራ ልጃቸው በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ ላከ። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ ነው። «በስቴም ሴል አዲስ የደም ሥር እናበቅላለን፣ የስኳር ቁስል እናድናለን» ይላል። የጠየቁት ገንዘብ አባትየው የሚኖሩበትን ቤት የሚያሸጥ ነበር። የጎደለውን ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ ላይ እንድናሰባስብ ጠየቀን። ጀመዓው ሙአዚኑን ይወዳል፤ ብንጠይቅ ይሰጥ ነበር።

ማስታወቂያውን ለልጁ አሳየነው። ከጽሑፉ በላይ ፎቶ አለ፤ እኛም ያወቅነው ዓይነት፣ ያ የሚያምር መረብ። ልጁ አየውና «ኡስታዝ፣ ይኼ ሰሐን ላይ ያደገ ነው። እግር ውስጥ አይደለም» አለን።

ከዚያ የተናገረውን እናንተም ስሙት፤ ምክንያቱም ይህ ማስታወቂያ ወደ እናንተም ስልክ ይመጣል። ሁሉን ሊሆን የሚችል ስቴም ሴል እንዳለ ወደ ሰውነት ቢገባ ሁሉን ይሆናል፤ ጥርስና ፀጉር ሳይቀር ያለበት እብጠት ሊያወጣ ይችላል። የደም ሥር ሴል ሆኖ ቢገባም እንዲቆይ፣ ከነባሩ ሥር ጋር እንዲገጥም፣ ሳይፈስ ደም እንዲያሳልፍ ያስፈልጋል። ጥሪው ራሱም አደገኛ ነው። ቪኢጂኤፍ እግር ላይ ቢያንስ ቁስል አይድንም፤ የስኳር ሕመምተኛ ዓይን ውስጥ ግን ሲበዛ ደካማ ሥሮች አብቅሎ ያሳውራል። ለዚህ ነው ለዓይን የሚሰጡት መድኃኒቶች ጥሪውን የሚያፍኑ የሆኑት። በአንድ ሰው አካል ውስጥ እግሩ ሥር ሲፈልግ ዓይኑ ሥር ይበዛበታል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ከራሳቸው ስብ የወጣ ስቴም ሴል ዓይናቸው ውስጥ የተወጉ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው እንደጠፋ በ2017 ሐኪሞች ጽፈዋል።

«ታዲያ ተስፋ የለውም?» አልነው። አለው፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል አለ። የኪዮቶው ሥራ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከሰው ሴል በላቦራቶሪ ያደገ የደም ቧንቧ ፈቅዷል፤ በአደጋ ለተጎዳ እጅና እግር። እሱም ቢሆን ከስቴም ሴል የመጣ አይደለም፣ ሴሎቹ ታጥበው ወጥተው ቱቦው ብቻ የቀረ ነው፣ ለስኳር ቁስልም አልተፈቀደም። ይህን ሲነግረን ድምፁ ውስጥ ያዘነ ነገር ነበር። ሊማር የሚፈልገው ትምህርት መሆኑን አስታወስን።

በዚያው ማታ ከሸኻችንና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሙአዚናችን ቤት ተቀመጥን። ልጃቸው ከጂዳ በስልክ ነበር። ተማሪው ይህንኑ ተናገረ፤ በትሕትና፣ እየተንተባተበ። የጂዳው ልጅ ተቆጣ። ወደ እኛም መጣ። «ኡስታዝ፣ ትናንት ስቴም ሴል ሐራም ነው አልክ አሉ። ዛሬ ደግሞ አይሠራም ትላለህ። የቱን እንስማ?» አለን። ልክ ነበረ። ምን እንመልሳለን? «የትናንቱን የተናገርነው ሳናውቅ ነው» አልን። «የአባቴ እግር ቢቆረጥ በአላህ ፊት እጠይቅሃለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ገንዘቡን አላሰባሰብንም። ሙአዚናችን ራሳቸው «ቤቴን አልሸጥም፤ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ» አሉ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልተኛንም። ሁለቱ ጣቶች ተቆረጡ። ከዚያ በላይ ይወጣል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ አልወጣም፣ አልሐምዱሊላህ። ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ፣ ስኳራቸው እየተቆጣጠረ፣ እግራቸው ላይ ሳይቆሙ አራት ወር ፈጀ። በዚያ ጊዜ ውዱኣቸው በፋሻው ላይ በማበስና በተየሙም ነበር፤ አንዳንድ አባቶች «ቁስሌ ውኃ ካልነካው ሶላቴ ይበላሻል» ብለው ቁስል ያረጥባሉ፣ ንገሯቸው።

ቤታችሁ ስኳር ያለበት እናት ወይም አባት ካለ፣ የውዱእ ውኃ ሙቀቱን እናንተ በክርናችሁ ለኩላቸው፤ በእግራቸው አይለኩት። ከውዱእ በኋላ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን እርጥበት አድርቁላቸው። በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚያጥብ ሰው በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ማየት ይችላል፤ የውስጥ እግራቸውን እናንተ እዩላቸው፣ ለእነሱ ጎንበስ ማለት ይከብዳል። በባዶ እግር ግቢ ለግቢ አይሂዱ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ ነገ አትበሉ።

ከዒድ በፊት በነበረው የመጨረሻ ደርስ፣ ያኔ በነበሩት ልጆች ፊት፣ መልሳችን ስህተት እንደነበር ተናገርን። ተማሪውን ከጎናችን አስቀምጠን ስለ ሰሐኑና ስለ መረቡ እሱ እንዲያስረዳ አደረግን። «አላሁ አክበር» ያሉት ልጆች የዚያን ቀንም «አላሁ አክበር» አሉ፤ ፊልሙን ሲያዩ። አንዷ እህት ከመጋረጃው ጀርባ ስለ አሳማው ጄላቲን ጠየቀች፤ መልሱን ለሸኻችን ተውነው።

የጂዳው ልጅ ለዒድ አባቱ ጋ ሲደውል ስልኩን ለእኛ እንዲሰጡ ነገራቸው። ሰላም አለን፣ ዒድ ሙባረክ ተባባልን። ስለ ክሊኒኩ እሱም አላነሳ፣ እኛም አላነሳን።

ተማሪው ወረቀቱን እንደገና ልኳል። መልስ እየጠበቀ ነው፤ ዱዓ አድርጉለት። ሙአዚናችን አሁን በልዩ ጫማ ይሄዳሉ፣ አዛኑን ግን አልተዉም። መስጂድ በር ላይ ልጁን ባገኙት ቁጥር ያስቆሙትና «የአይጢቱ ደም ሥር እንዴት ሆነች?» ይሉታል። «ደህና ናት አባባ፣ እያደገች ነው» ይላቸዋል። «ቶሎ በላት» ይላሉ፣ ከዘራቸውን ወደ ቀረው እግራቸው እየጠቆሙ።